ከውጭ አገር ኦንላይን ሱቅ ዕቃ ለማዘዝ፦ ከፖስታ ሳጥን እስከ ጉምሩክ መስኮት

«ካርዴ እምቢ አለ።»
«ተልኳል ካለ አርባ ቀን ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም።»
«ዕቃው 20 ዶላር ነው፤ ጉምሩክ ስንት እንዳሉኝ ብታውቅ!»

እነዚህን ሦስቱን በየጊዜው እሰማለሁ። ጠያቂዎቹ ሞኞች አይደሉም። ሁሉም ነገሩን ከጭራው ጀምረውት ነው። መጀመሪያ ዕቃው ዓይናቸውን ሳበው፣ ቀጥሎ ካርድ ፍለጋ ገቡ፣ አድራሻ ሲጠየቁ የሰፈራቸውን ስም ጻፉ፣ ጉምሩክ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያላቸው ደግሞ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ከቆሙ በኋላ ነው።

እዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። መቀበያ፣ ገንዘብ፣ ክልከላ፣ ቀረጥ፤ ዕቃ መምረጥ ከዚያ በኋላ። እንደ አሊኤክስፕረስ ያለ ብዙ ሻጮች የተሰበሰቡበትን ሱቅ እያሰብክ አንብበው፤ በሌሎቹም ላይ አካሄዱ ብዙ አይለይም። የምጽፈው አዲስ አበባ ላለ ሰው ነው። አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አንቺም ብትሆኚ ያው ነው።

1. መቀበያህን አዘጋጅ

መጀመሪያ ያዘዝኩት ለእህቴ የስፌት መኪና የሚሆን፣ ጨርቁን ከላይ የሚጫን ትንሽ ብረት ነበር። መርካቶ ዞሬ ዞሬ ያጣሁት። አድራሻው ላይ «ሃያ ሁለት፣ ጎላጉል ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ብዬ በላቲን ፊደል ጻፍኩ። ለራይድ ሹፌር ቢሆን ግሩም አድራሻ ነው። ፓኬቱ ሦስት ወር ተንከራቶ ወደ ላኪው ተመለሰ።

በፖስታ ለሚመጣ ዕቃ አድራሻህ ፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ሁለት አማራጭ አለህ።

የራስህን ሳጥን ተከራይ። መታወቂያህን ይዘህ ለቤትህ ወይም ለሥራህ የሚቀርበው የፖስታ ቅርንጫፍ ሂድ፣ ክፍት ሳጥን እንዳለ ጠይቅ፣ የዓመቱን ኪራይ ክፈል፣ ቁልፍህን ተቀበል። ክፍት የለም ካሉህ ሌላ ቅርንጫፍ ሞክር። ኪራዩ የሚያልቅበትን ቀን ስልክህ ላይ አስታዋሽ አድርገህ ያዘው፤ ዕቃህ መንገድ ላይ እያለ ሳጥንህ እንዳይዘጋ።

ወይም የመሥሪያ ቤትህን ሳጥን ተጠቀም። አስፈቅድ ግን። ሳጥኑን የሚከፍተውን ሰው በስምህ ወረቀት ሊመጣ እንደሚችል ንገረው። ይህን ሳይናገር ቀርቶ ወረቀቱ ጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ወር የተኛበት ሰው አውቃለሁ።

አሁን አድራሻህን አንድ ጊዜ በላቲን ፊደል በደንብ ጻፈውና ስልክህ ማስታወሻ ላይ አስቀምጠው። ሁልጊዜ ከዚያ እየቀዳህ ትለጥፋለህ። እንዲህ ይደረደራል፦

- ሙሉ ስምህ እስከ አያት፣ ልክ መታወቂያህ ላይ እንዳለው። አንድ ፊደል እንኳ አትቀይር። ፋይዳህ ወይም ፓስፖርትህ ላይ ያለው አጻጻፍ ሌላ፣ ፓኬቱ ላይ ያለው ሌላ ከሆነ መስኮቱ ላይ የሚጨቃጨቀው አንተ ነህ።
- የመሥሪያ ቤት ሳጥን ከሆነ የድርጅቱ ስም።
- ፖስታ ሳጥን ቁጥር።
- አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ። የፖስታ ኮድ ከጠየቀህ 1000 በል።
- ስልክ፦ 251 ብለህ፣ የመጀመሪያውን ዜሮ አውጥተህ፣ የቀሩትን ዘጠኝ አኃዞች።

*ይህ ካልሠራ፦* ገጹ የጎዳና ስም ካልሞላህ አላልፍም ካለ፣ እዚያው ቦታ ላይ ፖስታ ሳጥን ቁጥርህን ጻፍ። ፖስታ ሳጥን አልቀበልም ካለ ደግሞ ዕቃው የሚመጣው እንደ ዲኤችኤል ባለ ፈጣን መልእክት ነው ማለት ነው። ለእነሱ የሕንፃ ስም፣ ፎቅ፣ ቢሮ ቁጥር እና የሚነሣ ስልክ ስጣቸው። የሚነሣ ነው ያልኩት።

2. የሚከፍል ካርድ ያዝ

የብር ኤቲኤም ካርድህ ላይ የቪዛ ምልክት ስላለ ብቻ ውጭ አገር ሱቅ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። «ካርዴ እምቢ አለ» የሚለው ስልክ ብዙውን ጊዜ የሚደወልልኝ ከዚህ የተነሣ ነው። የሚያስፈልግህ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ነው።

ባንክህ ሄደህ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይተህ ጠይቅ፦

1. በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ላይ የታሰረ ካርድ አላችሁ ወይ? ከውጭ ገንዘብ የሚላክልህ ከሆነ ወይም በዶላር የሚከፈልህ ከሆነ ይሄኛው ይሻልሃል።
2. ዓለም አቀፍ ፕሪፔይድ ካርድ፣ ማለትም ገንዘብ አስቀድሞ የሚሞላበት ካርድ፣ አላችሁ ወይ? ለመንገደኛ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ይጠይቁሃል።

አንዱ ባንክ የለም ካለህ ሌላው ጋ ሂድ። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍም መልሱ ይለያያል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውለህ አረጋግጥ።

ካርዱን ስትወስድ ሳትጠይቅ እንዳትወጣ፦ በኢንተርኔት ለመክፈል ተከፍቷል ወይ? የማረጋገጫ ኮዱ በየትኛው ስልክ ቁጥር ነው የሚመጣው? የቀን ጣሪያው ስንት ነው? ባንኩ በየክፍያው ላይ ስንት ይቆርጣል? ካርዱ የሚያበቃው መቼ ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ስንት ሰው ከመመላለስ ያድን ነበር። ብዙ ካርድ ሲሰጥህ ለኤቲኤም ክፍት፣ ለኢንተርኔት ዝግ ነው።

የምንዛሪውን ነገር በጥሬው አስላ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ዋጋው በገበያ ነው የሚወሰነው፤ ያን ጊዜ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ባለፈው ዓመት ያየኸውን ዋጋ በጭንቅላትህ ይዘህ እንዳትሄድ። የዕለቱን የባንክህን መሸጫ ዋጋ ተመልከት፣ ኮሚሽኑን ጨምርበት።

ማስጠንቀቂያ። ቴሌግራም ላይ «ካርድ እናከራያለን፣ በእኛ ካርድ እንከፍልልሃለን» የሚሉ ሞልተዋል። ተዋቸው። ገንዘብህን በልቶ የሚጠፋው አንድ ጉዳይ ነው። ባይበላህም የካርዱ ባለቤት ስምና የአንተ ስም ስለማይገናኝ ሱቁ ሒሳብህን አግዶ የካርዱን ማረጋገጫ ላክ ይልሃል፤ አንተ ደግሞ ካርዱን በዓይንህ አላየኸውም። ካርዱ የተሰረቀ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ውጭ ዘመድ ካለህ ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው፦ እሱ በራሱ ሒሳብ፣ በራሱ ካርድ ይዘዝ፤ ተቀባይ ብሎ ያንተን ስምና ፖስታ ሳጥን ይሙላ። የካርድ ቁጥሩን ላክልኝና እኔ ልሙላው አትበለው። ካርዱ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስልኩ አዲስ አበባ ሲሆን ሲስተሙ ሌባ ነው ብሎ ያስብሃል።

*ካርዱ ተመለሰ?* ደጋግመህ አትሞክር፤ ሦስት አራት ጊዜ ከሞከርክ ካርዱ ሊታገድ ይችላል። ቀሪ ሒሳቡ የዕቃውን፣ የመላኪያውንና የኮሚሽኑን ድምር ይሸፍናል? ስምህን ካርዱ ላይ እንዳለው ነው የጻፍከው? የማረጋገጫ ኮዱ መጣልህ? ኮዱ ካልመጣ ችግሩ ሱቁ ጋ አይደለም፤ ባንክ ደውል።

3. ዕቃው አገር ይገባል ወይ?

ሻጩ ወደ ኢትዮጵያ እልካለሁ ማለቱ ኢትዮጵያ ታስገባለች ማለት አይደለም። ይህን ያልለየ ሰው ነው ከፍሎ የሚያለቅሰው።

ሳታስፈቅድ የማታዝዘው፦ ድሮን፣ ባይኖኩላር፣ ዎኪቶኪ፣ እስክሪብቶ ወይም ሰዓት የሚመስል ድብቅ ካሜራ። ድሮን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ ይፈልጋል። የሬዲዮ መገናኛ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። መድኃኒት፣ ቫይታሚን፣ የሕክምና መሣሪያና ኮስሞቲክስ ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ተከልክሏል፤ አታስበው። ዘርና ችግኝ የኳራንቲን፣ ማለትም የዕፅዋት በሽታና ተባይ ቁጥጥር፣ ጉዳይ አለበት።

ባትሪ ለብቻው ይታያል። ፓወር ባንክ እና ለብቻው የታሸገ ሊቲየም ባትሪ በተራ የአየር ፖስታ አይመጣም። ለብቻቸው የተጫኑ ሊቲየም አዮን ባትሪዎች በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይሄዱ ዓለም አቀፍ ክልከላ ያለው ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። መሣሪያው ውስጥ የተገጠመ ሲሆን ግን በፖስታ የሚያልፍበት አግባብ አለ። ስለዚህ ሰዓት ከነባትሪው ሊመጣ ይችላል፤ የስልክ መለዋወጫ ባትሪ ግን መንገድ ላይ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። «አዎ እልካለሁ» ያለህ ሻጭ እንዴት እንደሚልከው ጠይቀው።

ቁጥሩንም ጠንቀቅ በል። አንድ ጫማ ለአንተ ነው። አሥር ጫማ የተለያየ ቁጥር ከሆነ ንግድ ነው፤ የአስመጪ ፈቃድ ይጠየቅበታል። «ለቤተሰብ ነው» የሚለው መልስ እስከ ስንት ፍሬ እንደሚያዋጣ መስኮቱ ላይ መሞከር አልመክርህም።

4. ቀረጡን አስላ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቀረጥን በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ስለሚያስበው ነው። ጉምሩክ የሚነሣው ከዕቃው ዋጋ፣ ከመላኪያውና ኢንሹራንስ ካለም ከኢንሹራንሱ ድምር ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ታክስ በሌላው ላይ ይደራረባል።

ዕቃው 40 ዶላር፣ መላኪያው 10 ዶላር ነው እንበል። መነሻችን 50።

1. የጉምሩክ ቀረጥ። እንደ ዕቃው ዓይነት ከ0 እስከ 35 በመቶ ነው። ዕቃችን 35 በመቶ የሚከፈልበት ነው እንበል፦ 17.50። ድምር 67.50።
2. ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ በ67.50 ላይ፦ 10.13። ድምር 77.63።
3. ሱር ታክስ 10 በመቶ፣ በ77.63 ላይ፦ 7.76።
4. ማኅበራዊ ዌልፌር የሚባለው 3 በመቶ፣ ከመነሻው ከ50 ላይ፦ 1.50።

ታክሱ ብቻ 36.89 ዶላር። የ40 ዶላር ዕቃህ እጅህ ሲገባ 86.89 ሆኗል፣ የባንክ ኮሚሽንና የፖስታ ቤት አገልግሎት ክፍያ ሳይቆጠር። ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ዕቃ ከሆነ ከቀረጡ ቀጥሎ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክሱ በፊት ይገባል፤ ከእሱ በኋላ የሚሰሉትን ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስም ያሳብጣቸዋል።

ይህ ከፍተኛው ቀረጥ ያለበት ምሳሌ ነው። ዝቅ ያለ ቀረጥ ያለው ብዙ ዕቃ አለ፤ የጉምሩክ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ የታሪፍ መፈለጊያ ስላለ የዕቃህን ዓይነት ፈልገህ መቶኛውን አስተካክል። ትንሽ ፓኬት ሳይቀረጥ ወጣልኝ የሚል ጓደኛ ካለህ ደስ ይበለው። አንተ ግን የሚቀረጥ አድርገህ አስብና ከዚያ በኋላም ያዋጣኛል ካልክ ብቻ እዘዝ። እኔ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው የምተወው። መርካቶ ካለው ጋር አስተያየው፤ እዚያ የሚጠሩልህ ዋጋ ድንገት ርካሽ ይመስልሃል።

ማስጠንቀቂያ። ሻጩን «ስጦታ ብለህ 5 ዶላር ጻፍልኝ» አትበለው። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መነሻ አለው፤ አምስት ዶላር የተባለ ስማርት ሰዓት ሲያዩ በእነሱ ዋጋ ያሰሉታል፣ ሐሰተኛ ዋጋ በማቅረብም ልትጠየቅ ትችላለህ። ዕቃው ቢጠፋ ደግሞ የምትከራከረው በአምስት ዶላር ነው።

5. አሁን ዕቃውን ምረጥ

ከሁሉ በፊት ገጹ ላይ «ወደየት ይላክ» የሚለውን ኢትዮጵያ አድርገው። ይህን ካላደረግህ የምታየው ዋጋና መላኪያ የሌላ አገር ነው። ቀይረኸው ግማሹ ዕቃ ከጠፋ አትገረም። የጠፋው ወደ እኛ የማይላክ ነው።

ሻጩን እንዲህ መርምር። ስንት ፍሬ ሸጧል? ፎቶ ያለበት የገዢ አስተያየት አለ? ባለ አምስት ኮከቡን ተወውና ባለ አንድና ባለ ሁለት ኮከቡን አንብብ፤ እውነቱ ያለው እዚያ ነው። አሥር ሰው «ሲመጣ ተሰብሮ ነበር» ካለ ላንተ ሲሆን አይጠገንም። አንድ ዓይነት ዕቃ ሃያ ሻጭ ጋ በ15 ዶላር ሲሆን አንዱ ጋ 3 ዶላር ከሆነ፣ ያ 3 ዶላር ብዙ ጊዜ የዕቃው መያዣ ወይም አንዱ ብሎን ብቻ ነው። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ንካቸው፣ ዋጋው ሲቀየር ታየዋለህ።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ 220 ቮልት መሆኑን አረጋግጥ። ሶኬቱን ደግሞ የአውሮፓ የሚባለውን፣ ባለ ሁለት ክብ እግሩን ምረጥ። የአሜሪካ ሱቅ ላይ ያለ የወጥ ቤት ዕቃ ብዙው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። አስማሚ ሶኬት እግሩን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። እኔ ይህን ያወቅሁት በጭስ ነው።

ልብስና ጫማ በሴንቲ ሜትር ለካ። የቻይናው ኤክስ ኤል የኛ ሚዲየም የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

6. የመላኪያውን መንገድ ምረጥ

ሦስት ዓይነት ነው የሚያጋጥምህ።

*ርካሹ፣ ክትትል የሌለው ፖስታ።* ለሁለትና ሦስት ዶላር ዕቃ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አልመክርም። ከጠፋ የት እንደጠፋ የሚነግርህ የለም።

*የተመዘገበ ፖስታ ወይም ኢኤምኤስ (የፖስታ ቤት ፈጣን አገልግሎት)።* ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ይሄ ነው። ትንሽ ፓኬት የሚባለው እስከ 2 ኪሎ ድረስ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በፓርሴል ወይም በኢኤምኤስ ይሄዳል።

*ፈጣን መልእክት፣ እነ ዲኤችኤል።* በቀናት ይደርሳል፣ ውድ ነው፣ ጉምሩኩም አይቀርልህም። የሚያሰሉት በክብደት ብቻ አይደለም። የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝተህ ለ5000 አካፍል፤ ከእውነተኛው ክብደት የሚበልጠውን ይወስዳሉ። 40 በ30 በ25 የሆነ ካርቶን 30,000 ነው፤ ለ5000 ሲካፈል 6 ኪሎ። ውስጡ ያለው አንድ ኪሎ የማይሞላ የልጅ አሻንጉሊት ቢሆንም የምትከፍለው የስድስት ኪሎ ነው። መላኪያው ሲወደድ ደግሞ ቀረጥህም አብሮ ይወጣል፤ ቁጥር 4ን አስታውስ።

ጊዜውንም አስብበት። የቻይና አዲስ ዓመት ጥር መጨረሻና የካቲት አካባቢ ሲውል ፋብሪካው ሁሉ ለሳምንታት ይዘጋል። ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ በእነሱ 11/11 በሚሉት ቀን ታላቅ ቅናሽ አለ፤ ዕቃው ርካሽ፣ መንገዱ ግን ጭንቅንቅ። ለፋሲካ የሚሆን ነገር በሁዳዴ መግቢያ አይታዘዝም፤ በገና ነው የሚታዘዝ።

7. እዘዝ

በዚሁ ቅደም ተከተል ሂድ፦

1. መጀመሪያ አንድ ርካሽ ዕቃ እዘዝ። አምስት ዶላር የማይሞላ። መንገዱ ይሠራ እንደሆነ የምትፈትንበት ነው።
2. ዕቃውን ወደ ቅርጫት አስገባ፣ ቀለሙን፣ መጠኑንና ቁጥሩን እንደገና እይ።
3. አድራሻህን ከማስታወሻህ ለጥፍ። ፖስታ ሳጥን ቁጥሩን በጣትህ እየነካህ አንብብ።
4. መላኪያውን ምረጥ። ገጹ ራሱ ርካሹን መርጦልህ ሊሆን ይችላል።
5. የሚከፈልበትን ገንዘብ ዶላር አድርግ። በብር ካሳየህ የራሱን ምንዛሪ ነው የሚጠቀመው።
6. ክፈል፣ ኮዱን አስገባ፣ ገጹ እየዞረ እያለ አትዝጋው።
7. የዕቃውን ገጽ፣ የሻጩን ስም፣ የከፈልከውን ድምርና የትዕዛዝ ቁጥሩን ስክሪንሾት አንሣ። ሻጩ በኋላ የዕቃውን መግለጫ ሊቀይረው ይችላል፤ ስክሪንሾትህን ግን አይቀይረውም።

*ብሩ ተቆርጦ ትዕዛዙ ካልታየ፦* ሁለተኛ አትክፈል። አንድ ቀን ጠብቅ። ብዙ ጊዜ የተያዘ እንጂ የተወሰደ ገንዘብ አይደለም። ካልተመለሰ የባንኩን መልእክት ይዘህ ባንክ ጠይቅ።

*አድራሻ ከተሳሳትክ፦* ዕቃው ሳይላክ ከሆነ ትዕዛዙን ሰርዝና እንደገና እዘዝ። ሻጩን «አስተካክልልኝ» ብሎ መለመን አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ «እሺ» ብሎ በድሮው ይልከዋል።

ሻጩ በዋትሳፕ አውራኝ፣ በሌላ መንገድ ክፈለኝ፣ እቀንስልሃለሁ ካለህ ውጣ። ከሱቁ ውጭ የከፈልከውን ማንም አያስመልስልህም።

8. ትራኪንጉን አንብብ

የፖስታ ትራኪንግ (የመከታተያ) ቁጥር 13 ምልክት ነው፤ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ ሁለት ፊደል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የላኪው አገር ናቸው፤ ከቻይና ከሆነ ሲ እና ኤን። የመጀመሪያው ፊደል አር ከሆነ የተመዘገበ ነው፣ ኢ ከሆነ ኢኤምኤስ፣ ሲ ከሆነ ፓርሴል። ዩ ከሆነ ግን አትድከም፤ ከላኪው አገር ከወጣ በኋላ ምንም ላያሳይህ ይችላል። የዲኤችኤል ደግሞ አሥር አኃዝ ነው።

«ከአገር ወጣ» ከሚለው በኋላ ለሳምንታት ዝም ሊል ይችላል፤ የተለመደ ነው። እኔ ከአንድ ወር በፊት አልጨነቅም። ማየት ያለብህ ሌላ ቁጥር ነው፤ የገዢ ጥበቃ ጊዜ የሚባለው፣ ትዕዛዝህ ገጽ ላይ ወደ ታች የሚቆጥረው። እሱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሻጩን አራዝም በለው። እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለህ ጊዜው ሳያልፍ «አልደረሰኝም» ብለህ ክርክር ክፈት። «ሁለት ቀን ታገሥ፣ ክርክር አትክፈት ወንድሜ» የሚል ልብ የሚነካ መልእክት ሊመጣልህ ይችላል። አንተም በጨዋ ቋንቋ መልስለት፤ ክርክሩን ግን ክፈት።

9. ፖስታ ቤት መስኮት ላይ

ዕቃው ሲደርስ ሳጥንህ ውስጥ ወረቀት ይቀመጥልሃል ወይም ይደወልልሃል። ይህን ብቻ እየጠበቅህ ግን አትቀመጥ። ትራኪንጉ ኢትዮጵያ መግባቱን ካሳየ ሄደህ ጠይቅ። መጋዘን ውስጥ በቆየ ቁጥር የማስቀመጫ ሊያስከፍልህ፣ ብዙ ከቆየም ወደ ላኪው ሊመለስ ይችላል።

ይዘህ ሂድ፦ ዋናውን መታወቂያ ከነኮፒው፣ ወረቀቱን፣ ትራኪንግ ቁጥሩን፣ የከፈልክበትን ገጽ የታተመ ኮፒ፣ ገንዘብ። ስልክ ላይ ያለ ስክሪንሾት አይበቃም የሚል ሰው ሊያጋጥምህ ስለሚችል አሳትመው። አስር ብር ለኮፒ አትሰስት።

እዚያ የሚሆነው ይህ ነው። ፓኬቱን አምጥተው ፊትህ ያስቀምጡታል። ከመከፈቱ በፊት ዙሪያውን እይ፤ ፕላስተሩ ተቀዶ እንደገና ተለጥፎ ከሆነ እዚያው ተናገር። ከዚያ በምላጭ ይከፈታል፣ የጉምሩኩ ባለሙያ ያወጣል፣ ይቆጥራል፣ «ምንድን ነው? ለምንድን ነው?» ይልሃል። በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ። «የስፌት መኪና መለዋወጫ ነው፣ ለእህቴ።» አለቀ። እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ ብረቱን ለማስረዳት መርፌው እንዴት እንደሚወርድ በእጄ እያሳየሁ ነበር፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያያል።

ስሌቱ የበዛ ከመሰለህ አትጩህ። ዕቃው በምን ዓይነት እንደተመደበና መነሻ ዋጋው ስንት እንደተያዘ ጠይቅ። ስሕተት ካለ ያለው ከሁለቱ በአንዱ ነው። የከፈልክበትን ማስረጃ አሳይ። ካልተስማማህ ሳትከፍል ቅሬታህን በጽሑፍ ለኃላፊው አቅርብ። ከከፈልክ ደግሞ ደረሰኝ ሳትይዝ አትውጣ።

በዲኤችኤል የመጣ ከሆነ ይደውሉልሃል፤ መታወቂያ፣ የዕቃውን ደረሰኝ፣ እንደ ዕቃው ደግሞ ቲን ቁጥር ሊጠይቁህ ይችላሉ። ጉምሩኩን እነሱ ቢያስጨርሱልህ የአገልግሎት ዋጋ አለው። እሺ ከማለትህ በፊት ዋጋውን ጠይቅ።

10. ክፈት፣ ፈትን፣ ካስፈለገ ተከራከር

ቤት ስትገባ ስልክህን ቪዲዮ ላይ አድርገህ ፈትሸው። በቪዲዮው ላይ ፓኬቱ ላይ ያለው ቁጥር ይታይ፣ ዕቃው ይታይ፣ ሲበራ ወይም አልበራ ሲል ይታይ። ሳታቋርጥ ቅረጽ። «ደርሶኛል» የሚለውን ቁልፍ ዕቃውን ሳትፈትን እንዳትነካ፤ ከነካኸው ደግሞ አሊኤክስፕረስ ላይ ለክርክር የሚቀርህ 15 ቀን ነው።

ክርክር ስትከፍት ረጅም ታሪክ አትጻፍ። «ቀይ አዘዝኩ፣ ሰማያዊ መጣ» በል፣ ቪዲዮውን አያይዝ፣ የምትጠይቀውን ገንዘብ ጻፍ። ሻጩ «መልሰህ ላክልኝና ሙሉውን እመልሳለሁ» ካለህ መልሶ መላኪያው ስንት እንደሆነ ፖስታ ቤት ጠይቅ። ለ12 ዶላር ዕቃ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ከፊሉን ተቀበል፣ ዕቃውንም አስቀር። እኔ አንድ ጊዜ ግማሹን ተመልሶልኝ የቀረችውን የተሳሳተች ሰማያዊ ጃኬት ታናሽ ወንድሜ እስካሁን ይለብሳታል።

በሰው ማስመጣት

ለከባድ፣ ለውድና ቶሎ ለሚፈለግ ዕቃ ሰው ይሻላል። አሜሪካ ያለው ዘመድህ ቤቱ ድረስ አስልኮ በሚመጣ ሰው ይልክልሃል። ከዚያ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመጣ የኢኮኖሚ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣ አለው፤ የሁሉም ሰው አደራ ግን እዚያው ሻንጣ ውስጥ ነው። ኪሎውን አስቀድመህ ንገረው። ዕቃው ከማሸጊያው ወጥቶ፣ ተከፍቶ፣ አይቶት ይያዝ። ያላየውን የታሸገ ነገር እንዲይዝ አትጠይቅ፣ አንተም ስትመጣ አትያዝ። ቦሌ ላይ ቀረጥ ከተባለ ማን እንደሚከፍል ከመነሣቱ በፊት ተነጋገሩ፤ በዚህ ጉዳይ የተኳረፉ የአክስት ልጆች አውቃለሁ።

በኪሎ ከቻይናዋ ጓንዙ ወይም ከዱባይ የሚያመጡ ወኪሎች ጋ ስትሄድ ደግሞ ሦስት ነገር በጽሑፍ ያዝ፦ የኪሎው ዋጋ ቀረጡን ይጨምራል ወይ? ከጠፋ ስንት ይከፍላሉ? ሚዛኑ የት ነው የሚመዘነው፣ እዚያ ወይስ እዚህ? ቢሮ የሌለው፣ ፎቶ ብቻ የሚልክ፣ ሙሉ ክፍያ አስቀድም የሚል ከሆነ እለፈው።

ገንዘቡ ሲመለስ

የተመለሰ ገንዘብ የሚገባው በከፈልክበት ካርድ ላይ ነው፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ፕሪፔይድ ካርድህ ባዶ ሆነ ብለህ አትጣለው፣ አትዝጋውም። ጊዜው ሊያልፍበት ከሆነ ሳያልፍ ባንክ ሄደህ በአዲስ አስቀይረው፤ በድሮው ቁጥር የሚመለስ ገንዘብ አዲሱ ላይ ይገባልኛል ወይ ብለህም ጠይቅ። ሱቁ «መልሻለሁ» ካለህ በኋላ ካርዱ ላይ ካልታየ የመመለሻ ማረጋገጫውን አሳትመህ ባንኩ የካርድ ክፍል ሂድ፤ ቅርንጫፍ ላይ ያሉት ብዙ ጊዜ ማየት አይችሉም።